በጎባ የተማርነው

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር ሲኖር እንግዳ መሆኑን ለማወቅ አስታዋሽ አያስፈልገውም። ቋንቋው፥ ምግቡ፥ የአየሩ ጠባይ፥ የሰዎቹም አተያይ ሁሉ ገና ከመንገድ ሳለ እንግድነቱን ይነግሩታል። ስለዚህ አነጋገሩን ያለዝባል፤ ከመፍረዱም በፊት ይጠይቃል። በገዛ አገሩ ውስጥ ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አያገኝም። ሰንደቅ ዓላማው አንድ፥ ገንዘቡም አንድ ስለ ሆነ ከቤቱ ያልወጣ ይመስለዋል። እኛም ከኀምሳ ዓመት በላይ ያለፈውን የጎባ ኑሯችንን ስናስታውስ፥ የሠራነው ስሕተት ሁሉ ከዚህ የመነጨ መሆኑን እናያለን። ዛሬም ልጆቻቸውን ለማስተማር ሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚልኩ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ናቸውና፥ ታሪኩ ይጠቅማቸው ይሆናል በማለት ለአንባቢያን እናቀርበዋለን።

በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው፥ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት፥ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ደንብ ነበረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ ሕዝብን ማገልገል ነበረበት። ይህም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ የመምህራን እጥረት ብርቱ ስለ ነበረ፥ የሚበዙት ተማሪዎች የሚመደቡት ለመምህርነት ነው። አንዳችን በጎንደር፥ አንዳችን በአዲስ አበባ ተወልደን ያደግን እኛ ሁለት ጓደኛሞች፥ በ1963 ዓ.ም. መግቢያ የደረሰን ዕጣ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ሆነ።

ስሙን ስንሰማ ልባችን ፈራ። በባሌ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች የተመራ ዐመፅ መኖሩን ሁሉም ያውቅ ነበር። የመሬት መነጠቅ፥ የግብር ክብደትና የሹማምንት በደል ሕዝቡን አስመርሮት ነበረ። በ1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጁን ሰጥቶ ጦርነቱ ቢበርድም፥ ቂሙ ከሰው ልብ ገና አልወጣም ነበር። እናቶቻችንም በርበሬና ሽሮ እየቋጠሩ፥ «ልጆቼ፥ በሰው አገር አፋችሁን ሰብስቡ» ብለው መርቀው ሰደዱን። ምክሩን ሰማን እንጂ አላስተዋልነውም።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሥተን ሻሸመኔ አደርን። ከዚያ ወዲያ አስፋልት አልነበረም። ዶዶላንና አዳባን አልፈን ወደ ዲንሾ ስንወጣ፥ ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ስለ ነበረ ተሳፋሪው እየወረደ አውቶቡሱን ይገፋ ነበር። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ጽዱና ኮሶው በጉም ተሸፍኖ ይታያል። ከዲንሾ ቍልቍል ሲወርዱ ግን የሮቤ ሜዳ ድንገት ይገለጣል። ገብሱና ስንዴው እስከ ዐይን መጨረሻ ተዘርግቶ፥ ነፋስ ሲነካው እንደ ባሕር ይናወጣል። ብርድ ልብስ የደረቡ ፈረሰኞች በመንገዱ ዳር ይጋልባሉ። ዛሬ የባሌ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ሮቤ በዚያን ጊዜ ትንሽ የገበያ ከተማ ነበረች። ጎባም ከእርስዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከታላቁ ተራራ ግርጌ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች።

በጎባ ከአንዲት ባልቴት ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። በዚያው ግቢ በሦስተኛው ክፍል አንድ አሜሪካዊ መምህር ይኖር ነበር። እርሱም ከ1955 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ከነበሩት የሰላም ጓድ ወጣቶች አንዱ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ 300 ያህል ነበሩ፤ በየጠቅላይ ግዛቱም ተበትነው ያስተምሩ ነበር። ይህ ሰው ከመምጣቱ በፊት አማርኛ ተምሯል። ሰላምታ ሲሰጠን ወንዱን በሴት፥ ሴቲቱን በወንድ እየጠራ ያስቀን ነበር። ማታ ማታ ግን በፋኖስ ፊት ቁጭ ብሎ፥ ከተማሪዎቹ የሰማቸውን የኦሮምኛ ቃላት በደብተር ይጽፋል።

አንድ ምሽት፥ «ለምን ትደክማለህ? በከተማው በአማርኛ ሁሉ ነገር ይሆንልሃል» አልነው።

«ልጆቹ እርስ በርሳቸው በምን እንደሚስቁ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለን።

እኛም ተያይተን ፈገግ አልን። የፈረንጅ ነገር መስሎን ነበር።

ያስተማርነው ሰባተኛ ክፍልን ነው። በዚያን ዘመን እስከ ስድስተኛ ክፍል ትምህርቱ የሚሰጠው በአማርኛ፥ ከሰባተኛ ወዲያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር። በቤቱ ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ እንግዲህ አማርኛ ሁለተኛ፥ እንግሊዝኛም ሦስተኛ ቋንቋው ነው። ይህን በወረቀት እናውቀው ነበር፤ በልባችን ግን አላወቅነውም። በመጽሐፉ ያለው ታሪክ ስለ ባቡርና ስለ መርከብ ይናገራል፤ ከልጆቹም ባቡር ያየ አልነበረም። እኛ ግን በቶሎ ማንበብ የቻለውን ጐበዝ፥ ዝም ያለውን ሰነፍ እያልን በልባችን መዝገብ ጻፍናቸው።

ከኋላው መቀመጫ ዕድሜው 15 ዓመት የሚሆን አንድ ልጅ ነበረ። በሮቤ መንገድ ካለ ገጠር በየቀኑ በእግሩ እየመጣ ይማራል። በኅዳር ወር መጀመሪያ ስለ ወንዞች ስናስተምር፥ ወንዝ ከየት እንደሚነሣና ወዴት እንደሚሄድ እንዲናገር በእንግሊዝኛ ጠየቅነው። ተነሥቶ ቆመ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ደግመን ጠየቅነው፤ ዝም አለ። ክፍሉ ሳቀ። ከሁለታችን አንዳችን በማስመሪያ እጁን መታው፤ እስከ ደወሉም ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም አደረገው። የመታው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አያስፈልግም፤ ሌላውም ማታ ሲነገረው፥ «ደግ አደረግህ» ብሏልና።

ልጁ በማግሥቱ ቀረ። በሳምንቱም አልመጣም።

የጎባ ገበያ ረቡዕ ነው። ኅዳር 16 ቀን ረቡዕ፥ የነቢያት ጾም በገባ በማግሥቱ፥ ለቆሎ የሚሆን ገብስና ጥቂት ማር ልንገዛ ወጣን። በዚያ ዓመት የረመዳን ጾም ማብቂያና የነቢያት ጾም መግቢያ በአንድ ሳምንት ተገናኝተው ስለ ነበረ፥ ሻጩም ገዢውም ጾመኛ ነበረ። ከአንዲት የገጠር እናት ፊት ቆመን ዋጋውን በአማርኛ ጠየቅን። በኦሮምኛ መለሱልን። እኛም አልገባንም። ደግመው ተናገሩ፤ አሁንም አልገባንም። በሦስተኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በጆሯችን ጮኹብን፤ ደንቆሮዎች መስለናቸዋልና። በዙሪያችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ፊታችን በእፍረት ቀላ፤ ከንፈራችን ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣም።

በዚህ ጊዜ ከእናትዮዋ ኋላ ካለው የገብስ ስልቻ አጠገብ አንድ ልጅ ተነሣ። ያው ከክፍል የቀረው ልጅ ነበረ። ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ የእናቱን ቃል በአማርኛ ነገረን፤ የእኛንም ቃል ለእናቱ በኦሮምኛ መለሰ። ሒሳቡን እኛ በጣታችን ስንቈጥር እርሱ በቃሉ ጨረሰው። ቀጥሎም ማን እንደ ሆንን ለእናቱ ነገራቸው መሰለን፥ ሴትዮዋ ደንግጠው እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያም በገዛነው ገብስ ላይ ሁለት እፍኝ ምርቃት ጨመሩልን። እጁን ለመታንበት ልጅ እናት እንዲህ አደረጉልን።

«ለምን ከትምህርት ቤት ቀረህ?» አልነው።

«መልሱን አውቀው ነበር፥ መምህር፤ ያጣሁት ቃሉን ነው» አለን።

ያን ዕለት ማታ እህል አልቀመስንም። በአንድ ገበያ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ የቆምንበት ስፍራ፥ ያ ልጅ በየቀኑ ከጧት እስከ ማታ የሚቆምበት ስፍራ መሆኑን ተረዳን። በእኛ ላይ የሳቀው የገበያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ እኛም ክፉዎች ነን ብለን አናምንም ነበር። ነገር ግን እርሱ የእኛን ዲዳነት በትርጕም ሲሸፍን፥ እኛ የእርሱን ዲዳነት በማስመሪያ ቀጥተን ነበር። አሜሪካዊው ጎረቤታችን ከባሕር ማዶ በመምጣቱ እንግድነቱን ያውቃል፤ ስለዚህ ይጠይቃል። እኛ ግን በአገራችን ነን ስንል ሳንጠይቅ ፈረድን።

ወደ ልጁ ቤት ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ ብለን ተከራከርን። እኛ ባደግንበት ሥርዓት ደቀ መዝሙር በመምህሩ እግር ይወድቃል እንጂ መምህር ለደቀ መዝሙር ይቅርታ ሲል አላየንም። ክብራችን ይቀንሳል ብለን ፈራን። ነገሩን የሰሙት ባልቴቷ የቤታችን ባለቤት ግን፥ «ልጆቼ፥ ወደ እርቅ የሚሄደው የበደለው ነው እንጂ ታናሹ አይደለም» አሉን። ቅዳሜ ኅዳር 19 ቀን ማለዳ ተነሥተን በእግራችን ሄድን።

የልጁ አባት ከደጃቸው ቆመው ተቀበሉን፤ ፊታቸው ግን የተዘጋ ነበር። የመጣንበትን ነገር የሚተረጕም ሌላ ሰው ስላልነበረ፥ ልጁ ራሱ ይቅርታችንን ለአባቱ መተርጐም ግድ ሆነበት። «ልጅዎን ያለ ጥፋቱ መታነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅር ይበሉን» አልን። ልጁ መተርጐም ጀምሮ ድምፁ ተቈረጠ። አባትየው ጠበቁት። ቃሉን በጨረሰ ጊዜ ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥ በልጃቸው አፍ እንዲህ አሉን፦ «ከከተማ ሰው ወደዚህ ቤት ሲመጣ ወይ ለግብር ነው፥ ወይ ለክስ ነው። ይቅርታ ሊል የመጣ ሰው ገና እናንተን አየሁ። ግቡ።»

ገባን። በማግሥቱ ጨረቃ ከታየች ሰኞ ዒድ ነውና እንድንመጣ ለመኑን። ሰኞም ኅዳር 21 ቀን፥ የጽዮን ማርያም በዓል ነበረ። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስመን፥ ከትምህርት ሰዓትም በኋላ ወደዚያ ቤት ሄድን። በልባችን ግን እንጨነቅ ነበር። አንደኛ፥ በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ የእስላሙን፥ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ አይበላም። ሁለተኛም እኛ በጾም ላይ ነን። የቀረበልንን ማዕድ እንዴት እንመልሳለን? ነገር ግን የቤቱ እመቤት ይህን ሁሉ ከእኛ አስቀድመው አስበውታል። ለሌላው እንግዳ ጩኮው በቅቤ ታሽቶ ሲቀርብ፥ ለእኛ ከዚያው ከገብሱ በሶ በማር በጥብጠው፥ ቅቤ ባልነካው አዲስ ዕቃ አቀረቡልን። አባትየውም፥ «እኛ ፈታን፤ እናንተ ጀመራችሁ፤ የሁላችንንም ይቀበለን» አሉ። ጌታችን ራሱን በእንግዳ መስሎ ስለ ማስተማሩ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ እንግዳን የሚያስተናግድ ሰው ምን ያህል ማሰብ እንዳለበት ግን በዚያ ቤት ተማርነው።

ልጁ በማግሥቱ ወደ ክፍል ተመለሰ። እኛም የራሳችንን ደብተር ገዛን። ውሃ ቢሻን፥ ወንዝ ላጋ፥ ስንት ነው ሜቃ እንደሚባል ጻፍን። አንድ ቀን ልጁን መምህር በኦሮምኛ ምን እንደሚባል ብንጠይቀው፥ «ተማሪው ባራታ፥ አስተማሪው ባርሲሳ ነው» አለን። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛችንም ተማሪና አስተማሪ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በሁለቱም ቋንቋ ያልተማረ ሊያስተምር እንዳይችል ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። እኛ ግን አማርኛን ከእናታችን ጋራ ስንናገረው ኖረን ይህን አላስተዋልነውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ አዲሱን ነገር በመጀመሪያ በአማርኛ እናስረዳለን፤ ልጆቹ በየረድፋቸው በኦሮምኛ ይነጋገሩበታል፤ በመጨረሻ እንግሊዝኛውን እናስጠናለን። የወንዞችን ትምህርት እንደገና ስናስተምር ልጁን ወደ ሰሌዳው ጠራነው። ጠመኔውን ይዞ የዌብን ወንዝ ሣለ፤ ከባሌ ተራራ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፥ በሶፍ ዑመርም ከዓለት ውስጥ ገብቶ፥ በጨለማው ዋሻ አልፎ በሌላ በኩል ሲወጣ አሳየን። ያ ዋሻ ወንዙ ራሱ ፈልፍሎ የሠራው ሲሆን፥ የውስጥ መንገዶቹ ሁሉ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ያን ቀን እኛ የተማሪ መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ነበር። ይህን ስንል ነገሩ ሁሉ ተቃና ማለታችን አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ ያላለፉ ነበሩ፤ ለእርሻ ሥራ ተፈልገው ትምህርታቸውን የተዉም ነበሩ። ማስመሪያው ግን ከመስመር ማስመር በቀር ሌላ ሥራ አላገኘም።

በጥር ወር ልጁና አባቱ በፈረስ ወደ ሳኔቲ አወጡን። ከጎባ በላይ ደኑ አልቆ አስታው ይተካል፤ አስታውም አልቆ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው ሰፊ ሜዳ ይጀምራል። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ በኵሬው ዳር ውርጭ ያብለጨልጫል። ከፊታችን 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ፥ ማለት ቀይ ተራራ፥ ቆሟል። እግረ ረጅም ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጕድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ አየን። ባሌዎች ጄዳላ ፈርዳ፥ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ ዛሬ በዓለም የቀሩት ጐልማሶች ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፥ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚሁ በባሌ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ነበር በእኛ መዝገብ ሰነፍ ተብሎ የተጻፈው።

በሰኔ ወር ስንለያይ ሽማግሌው በእጃችን ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁን። እኛም «ገለቶማ» ብለን አመሰገንን፤ አሁን ትርጕም አላስፈለገንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከልጁ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ማለፉን በአማርኛ ጽፎ፥ በመጨረሻው መስመር በኦሮምኛ «ባርሲሳ ኮ»፥ መምህሬ ብሎናል። ከዚያ በኋላ የአብዮቱ ዓመታት መጡና ተጠፋፋን።

በ2016 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ሁለታችን ተያይዘን፥ በከዘራ እየተደገፍን ያን አገር ደግመን አየነው። ጭቃው መንገድ አስፋልት ሆኗል። በሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ልጆቹ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፋቸው በኦሮምኛ ይማራሉ፤ ይህም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ለውጥ ነው። ከትምህርት ቤት የምትመለስ አንዲት ልጅ አግኝተን፥ በዛገው ኦሮምኛችን ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ ጠየቅናት። እርስዋም ድካማችንን አይታ፥ «አባባ፥ በዚህ በኩል ነው» ብላ በአማርኛ መለሰችልን። ዛሬም ተርጓሚያችን የባሌ ልጅ ሆነች።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በልጅነቱ ከጢሮስ ወደ አክሱም የመጣ ባዕድ ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት ሕዝባችንን ከማስተማሩ በፊት በመካከላችን ብዙ ዓመት ኖሯል። ሐዋርያትም በበዓለ ኀምሳ ቃሉን ለየሕዝቡ በየቋንቋው ተናገሩ እንጂ፥ ሕዝቡ አስቀድሞ የሐዋርያትን ቋንቋ ይማር አልተባለም። እንግዲህ ልጆቻችሁን ለማስተማር ሥራ የምትሰዱ ወላጆች ሆይ፥ ወደ ባሕር ማዶም ይሁን ወደ ሚቀጥለው ዞን፥ ከስንቁ ጋራ አንድ ባዶ ደብተር ጨምሩላቸው። የሚያስተምሩትን የሚጽፉበት አይደለም፤ ከልጆቹ የሚሰሙትን የሚጽፉበት ነው። እኛ ያን ደብተር የገዛነው ዘግይተን፥ የአንድ ልጅ እጅ ከቆሰለ በኋላ ነበርና።